የእኔ ቅንድብና የመንደራ ቆጪ ግንብ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሰው አጥር ተጠግታችሁ ሸንታችሁ ታውቃላችሁ? ዙሪያችሁን አትቃኙ፣ የምጠይቀው እናንተኑ ነው። ሴቶች ለጊዜው ማለፍ ትችላላችሁ።

የምጠይቀው በምክንያት ነው። ከጅማ ወጥቼ ናይሮቢ ውስጥ መጻሕፍት ስሸጥና የምሸጠውን ሳነብ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሠፈር ወዳለው የአባቴ ቤት ስመለስ የጠበቀኝ ዘመድ አይደለም፤ ሽታ ነው። ግንብ አጥሬ ፊት ለፊት የባጃጅ ተራ ተከፍቷል። ሾፌሮቹ ተራ እስኪደርሳቸው ምን ይሥሩ? ግንብ አለላቸው።

"መሽናት ክልክል ነው" ብዬ ጻፍኩ። እላዩ ላይ ሸኑ። ያን ሁሉ ያነበብኩት ለመቼ ሊሆነኝ ነው አልኩና፣ ስለ ከተማ ኑሮ፣ ስለ ጤናና ስለ ጎረቤት ክብር ሙሉ ገጽ አዘጋጅቼ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰቀልኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ አንብበው እስኪጨርሱ ረጋ ብለው ይሸኑ ጀመር።

ነጂብና ሀያት በሬን ያንኳኩት ያኔ ነው። ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ በሚደራጅበት ዘመን የተደራጁ ማስታወቂያ ሠሪዎች ናቸው፤ እሱ በብሩሽ፣ እሷ በኮምፒውተር። ካፌው ግድግዳ ላይ የሚተነውን ስኒ፣ የፀጉር ቤቱን አንገተ ረጅም ጎረምሳ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ያለውን አንበሳ የሚሥሉት እነሱና ጓደኞቻቸው ናቸው። ሁሉም ግን የደንበኛ ትእዛዝ ነው። ስኒ ሥለው ሥለው ሰልችቷቸዋል። የራሳችን የሚሉት አንድ ግድግዳ አምሯቸዋል።

"ማሎ እማማ አስካለ" አለኝ ነጂብ እየለመነ፣ "ግንቡን ይስጡን። የእናት ፊት እንሥልበታለን። እናቱ ፊት ማን ይሸናል?"

ሰጠኋቸው። ጨርሰው ሲጠሩኝ ወጥቼ አየሁ። እናትየዋ እኔ ነኝ። ሀያት ሳታስፈቅደኝ በስልኳ አንስታ፣ በኮምፒውተሯ ፈገግ አሰኝታኛለች። ጉንጬ ሞልቷል። ዓይኔ ይራራል። እንዲህ ያለች ሴትዮ ባገኝ እኔም ቤቴን ትቼላት እሄድ ነበር።

ሠፈሩ ወደዳት። ሾፌሮቹ "እማማ እንዴት ዋሉ" ይሏታል፤ ይሸናሉ፤ "ደህና ያምሹ" ብለዋት ይሄዳሉ። ግንቤን ተጠግቶ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ሐጂ አባ ቢያ እንኳ ሰላምታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ምነው ብላቸው፣ "ወላሂ እርስዎ አይመልሱማ። እሷ ቢያንስ ትስቃለች" አሉኝ።

ልጆቹን ጠራሁና ወይ አጥፉልኝ፣ ወይ እንዳለሁ ሣሉኝ አልኳቸው።

"ሰው እንዲወድዎት ብለን እኮ ነው" አለች ሀያት።

"ውደዱኝ ብያለሁ?"

ነጂብ በርጩማ አውጥቶ መንገድ ዳር አስቀመጠኝ። ጅማ ውስጥ ግድግዳ ሲሣል አይታችኋል? መንገደኛው ሁሉ አለቃ ነው። አፍንጫዋን ቀንስ የሚል አለ። አገጯን ረሳኸው የሚል አለ። ከባጃጁ ሳይወርድ በክላክስ አስተያየት የሚሰጥም አለ። ነጂብ ሁሉንም ይሰማል፤ ያጠፋል፤ ይደግማል። እኔ ደግሞ፣ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ፊቴን ብቋጥር ብቋጥር እየተፈታ አስቸገረኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ያን ያህል ሰው ከቦኝ አያውቅም።

"እማማ፣ የበደለዎትን ሰው ያስቡ እስቲ" አለኝ።

አሰብኩ። አገር ስለቅ መጻሕፍቴን ለታናሽ ወንድሜ አደራ ብዬ ነበር። እሱ ለኦቾሎኒ ሻጮች መጠቅለያ ብሎ በኪሎ ሸጣቸው። የእኔን መጻሕፍት ጅማ በጥቅል በጥቅል፣ ኦቾሎኒ እየቆረጠመች ጨረሰቻቸው። ይህን ሳስብ ክላክሱ ዝም አለ። አስተያየት ሰጪው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"እንዳይንቀሳቀሱ" አለኝ ነጂብ በሹክሹክታ።

በማግስቱ አንድ ሾፌር መጣ። እጁን ወደ ቀበቶው ላከ። ቀና ብሎ ግንቡ ላይ አየኝ። ቀበቶውን መልሶ አጠበቀና፣ "ይቅርታ እማማ" ብሎ እስከ ቀበሌው ሽንት ቤት ድረስ ተጓዘ። ግንቤ ደረቀ።

ወሬው ሮጠ። ባለ ግንብ ሁሉ የእኔን ቁጣ ፈለገ። ጅሬን ላይ አለሁ። አጋሮ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ አለሁ። ሊሙ ውስጥ አንድ ገበሬ ቡና ማስጫው ራስጌ ሰቅሎኛል፤ ሌባው ቀርቷል፣ ዶሮዎቹ ግን ገና እያሰቡበት ነው ይላል። ሀያት ለባጃጅ ስቲከር ስታሳንሰኝ መጀመሪያ ሻሼን፣ ቀጥላ አፍንጫዬን አወጣች። በመጨረሻ ሁለት ቅንድብና አንድ ግጥም ያለ አፍ ሆኜ ቀረሁ። አይቶ የሚስተኝ የለም። ከብዙ ወፍራም መጻሕፍት የተሻለ አጭር ሥራ ነው። ልጆቹ ሱቅ ከፈቱ፤ ስኒ የሰለቻቸው ጓደኞቻቸውም ተሰበሰቡ።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ከአጋሮ መጣ። መናኸሪያው ላይ በወጣ በገባ ቁጥር ሳፈጥበት አልቻለም። ሐጂ አባ ቢያን ሽማግሌ አድርጓል፤ ማር ይዟል። ሌላም ነገር በፌስታል ጠቅልሏል፤ ሽፋን የሌለው፣ መጨረሻው የተቀደደ የእኔ መጽሐፍ።

"እታለም፣ ይቺን ያኔ ኦቾሎኒ ሻጯ ቀድዳ ሳትጨርሳት አስጣልኳት" አለኝ።

ፊቴ ሲላላ ተሰማኝ።

ሀያት በሩ ላይ ቆማለች። "ማሎ እማማ፣ ነገ የሆቴሉን ግንብ ልንጀምር ነው እኮ። ተቆጥቼ ልቀመጥላችሁ ብለዋል" አለች። ነጂብ ቅንድቤን ብቻ ያያል። ለማስታረቅ የመጡት ሐጂም ወደ ሱቃቸውና ወደ ደረቀው ግንብ ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዕርቅ ጥሩ ነው፤ አላህም ይወደዋል" አሉ። "ግን ትንሽ ቢዘገይ ምን ይለዋል?"

ማሩን ተቀበልኩ። መጽሐፉን ተቀበልኩ። ወንድሜን ምሳ አበላሁት፤ እስከ ባጃጁም ሸኘሁት። ይቅርታውን ግን አልሰጠሁትም። ለኦቾሎኒ ሻጮቹም አልሰጥም፤ ለበላተኞቹም አልሰጥም። እናንተም መጀመሪያ የጠየቅኳችሁን እስካሁን አልመለሳችሁልኝም። ብትመልሱም ይቅር አልልም። ማንንም።