አቶ ዓለምነው ሶፋቸውን ከሻምበል ለማስለቀቅ የዘመቱት ዘመቻ

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለዓለምነው። በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ የማዕከለ ሳሎን ባለ ርስት፣ የቁልፍ ሁሉ ጠባቂ፣ የቆርቆሮ አጥር መሐንዲስ አቶ ዓለምነው ከንብረት ክፍል ኃላፊነት በጡረታ በተሰናበቱ በሁለተኛው፣ ሞዓ ድመት ሻምበል የተባለው ውሻቸውም በሳሎኑ ሶፋ ላይ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ በሥላሴ ዕለት፣ ደብረ ማርቆስ በጉም ተሸፍና ሳለች ይህ ዘመቻ ሆነ። ጸሐፊው ያየውን እንጂ የሰማውን አልጻፈም፤ የሰማውንም ቢጨምርበት ማን ይከለክለዋል።

የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ውሻው ዝናብ መትቶት በር ላይ ሲንቀጠቀጥ አቶ ዓለምነው አዝነው «ለዛሬ ብቻ» ሲሉ አስገቡት፤ ለዛሬ ብቻ የተባለውም በመጀመሪያ ከበሩ ሥር፣ ቀጥሎ ከምንጣፉ፣ ቀጥሎም ከሶፋው እግር፣ በመጨረሻም ባለቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬ በእጃቸው ከሠሩት ዳንቴል ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እንደ ደከመው ዳኛ በረጅሙ ተንፍሶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ አቶ ዓለምነው ዜና የሚሰሙት ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው። ለውሻው የተሠራው ቤት ከአጥሩ በር አጠገብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ዶሮዎች ገብተውበታል።

ጉዱ ይህ ብቻ ቢሆን በቤት ተሸፍኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን አቶ ዓለምነው የሥላሴ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ለመሆን ልባቸው ተነሥቶ ነበርና፣ ተፎካካሪያቸው አቶ ገብረ ኪዳን ቡችላ አልጋ ሥር ያሳድራሉ መባሉን ሰምተው፣ ባለፈው ወር በማኅበርተኛው ፊት ቆመው አዋጅ ነገሩ። «ስማ ማኅበርተኛ! ካህን በሚባርክበት፣ ጸበል ጸዲቅ በሚቀመስበት ቤት ውሻ አይገባም! ያስገባ ከጽዋው አይቅመስ!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ አቶ ገብረ ኪዳንም አንገታቸውን ደፉ። ሙሴውም በሚቀጥለው ማኅበር እንዲመረጥ ተቆረጠ። የሚቀጥለው ተረኛ ደጋሽ ማን ሆነ? ራሳቸው አቶ ዓለምነው። አይ የሰው ነገር!

ወበይእቲ ዕለት፣ በማኅበሩ ቀን፣ ሠራዊታቸውን አሰለፉ፤ በቀኝ ወይዘሮ ጤናዬ ከነመጥረጊያቸው፣ በግራ ከጎረቤት የተዋሱት መወልወያ፣ በደጀንነት ደግሞ ወሬ ሊያዩ የመጡ ዶሮዎች። በመጀመሪያ በኃይል ገጠሙ፤ የፊቱን ሲያነሡ የኋላው ይቀራል፣ የኋላውን ሲያነሡ የፊቱ ይፈስሳል፣ ውሻው አጥንት የሌለው መስሎ እንደ እርጥብ ጋቢ ተዝለፍልፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጥሎ በማታለል ገጠሙ፤ ወደ ጓሮ ዞረው «ድመት! ድመት!» ብለው ቢጮኹ አንድ ጆሮውን ብቻ አነሣ። ቀጥሎም በእጅ መንሻ ገጠሙ፤ ጾም ነውና ከቤት የተገኘው ሽሮ ብቻ ነበር፤ ሻምበልም አሽትቶ፣ አቶ ዓለምነውን በትዝብት አይቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጤናዬ ከጓዳ አዋጅ አወጡ። «እንግዲህ ልንገርዎ! መምሬ ሳይደርሱ ይህ ውሻ ካልተነሣ እኔ ነጠላዬን አንሥቼ ወንድሜ ጋ ጉንደ ወይን እሄዳለሁ፤ ማኅበርተኛውን ከሻምበል ጋር ያስተናግዱ!»

ወእምዝ አቶ ዓለምነው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭቃውን እየዘለሉ፣ ወደ ባለሱቋ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ ፋጢማ ዘመቱ፤ በክርስቲያኑ ቤት ሁሉ ሥጋ በጠፋበት ሰሞን የሙስሊም ጎረቤት ድስት ፍልሰታን እንደማይጾም ያውቃሉና። ውሻ ጾምም ማተብም የለው፣ ስለዚህ ማንም የባረከው አጥንት ይፈቀድለታል ብለው በልባቸው ፈረዱ። ወይዘሮ ፋጢማም ትልቅ ቅልጥም በፌስታል ጠቅልለው ሰጥተው ከባንኮኒው ኋላ አወጁ። «ሱቁ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ስሙልኝ! እኔ የሰጠሁት ለሻምበል ነው፤ ጋሼ ዓለምነው ቢቀምሱ የለሁበትም!»

በመልሱ ግን መዓት ጠበቃቸው። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ማኅበርተኛው ዝናቡን ለመቅደም ከሰዓቱ በፊት፣ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ገብረ ሚካኤልን አስቀድሞ፣ አቶ ገብረ ኪዳንን ከነጃንጥላቸው አስከትሎ ከአጥሩ በር ደርሷል። አቶ ዓለምነው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ ፌስታሉ ከጋቢያቸው ሾልኮ ወደቀ፤ ቅልጥሙም መምሬ እግር ሥር ተንከባለለ። በፍልሰታ! ያውም ከወይዘሮ ፋጢማ ሱቅ ሲወጡ እየታዩ! አቶ ዓለምነው ላብ አጠመቃቸው። የውሻው ነው ቢሉ «ውሻውስ የታል?» መባሉ አይቀርም፤ በውሻው ቤት ዶሮ ሰፍሯል። ጾም የሻረ በንስሐ ይመለሳል፣ ለውሻ የተገዛ ግን ሙሴ አይሆንም ብለው አስልተው፣ አጥንቱን አንሥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው አወጁ። «የእኔ ነው! አምሮኝ ነው! ንስሐዬን ይስጡኝ አባቴ!»

መምሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰማዩ ተቀደደ፤ ማኅበርተኛውም እየተጋፋ ሳሎን ገባ። እዚያም ሻምበል ራሱን በተጠለፈው ትራስ ላይ አሳርፎ ተገኘ። ሽታው ሲደርሰው ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ በሰዎቹ መካከል አልፎ ቅልጥሙን ከአቶ ዓለምነው እጅ እንደ ልማዱ በቀስታ ተቀበለ፣ ተመልሶም ሶፋው ላይ ወጣ። ከዚህ በኋላ ማብራሪያ የጠየቀ የለም።

አቶ ገብረ ኪዳን ግን ወሩን ሙሉ ሲያመነዥጉት የከረሙት ቂም ነበርና፣ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው «በአዋጁ መሠረት ይውጣ!» እያሉ ወደ ሶፋው ገሠገሡ። ያን ጊዜ አቶ ዓለምነው፣ ውሻውን ለማስወጣት ሲዘምቱ የዋሉት ሰው፣ በጃንጥላውና በውሻው መካከል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው አወጁ። «ማንም እንዳይነካው! ውጭ ዝናብ ነው! ሙሴነቱን ውሰዱት!»

ወሰዱት። አቶ ገብረ ኪዳን እዚያው ተሾሙ። መምሬም ባልሻሩት ጾም ሳይሆን በዋሹት ውሸት ስግደት አዘዙባቸው፤ ማኅበርተኛውም አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ጽዋውን ጠጣ፤ ወደ ሶፋው የቀረበ ግን አልነበረም።

ነገሥታት አገር አቅንተው ይወደሳሉ፤ ዓለምነው ግን ሶፋ ለቅቀው ይወደሱ። በአንድ ከሰዓት ለሹመት ሲሉ የጾመኛ ስማቸውን፣ ለውሻ ሲሉ ሹመታቸውን የሰጡ ማን አሉ፣ ከእሳቸው በቀር? የዱካው ጌታ፣ የዝናብ ጊዜ ጋሻ፣ የሻምበል አገልጋይ ዓለምነው ሆይ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝም፣ ጉልበትዎን ለስግደቱ ያጽናልዎ፣ አንድ ቀንም በገዛ ሶፋዎ ላይ ለመቀመጥ ያብቃዎ፤ አሜን ወአሜን።