የሲትዝንሺፕ ፈተናና የእኔ ረዥም መልስ

ፖለቲካ የማያውቅ ሐበሻ የለም። "አላውቅም" የሚል ካጋጠማችሁ ትሕትና መስሏችሁ እንዳትሸወዱ... ገና ሻዩ አልመጣለትም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ፤ አዲስ አበባ ሳለሁ በፖለቲካል ሳይንስ ዲግሪ ይዣለሁ። ዲግሪው ዛሬ ኦክላንድ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ላይ ቆሞ ቁልፍ ያድላል፤ ማታ ባርት የሚሉትን ባቡር ተሳፍሮ ሳን ሆዜ ቤቱ ይገባል። የአሜሪካ ዜግነት፣ የሲትዝንሺፕ ፈተና ቀጠሮዬ ሲደርስ ሚስቴ፣ "አታጠናም እንዴ?" ብትለኝ ምን ብመልስላት ጥሩ ነው?

"ዓሣ ዋና ያጠናል?"

ጊዜዬን ያዋልኩት ጋሽ ሀብቴን በማስጠናት ነበር። ጋሽ ሀብቴ ከአስመራ የመጡ፣ እኛ ሰፈር ላውንደሪ ያላቸው ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። እንግሊዝኛቸው ግን ከልብስ አይወጣም፤ "ስቴይን"፣ "ዚፐር"፣ "ሬዲ ቱዝደይ"። ፈተናውን አንዴ ወድቀዋል፤ የቀራቸው አንድ ዕድል ነው። ካለፉ አስመራ ያለ ወንድማቸውን ለማምጣት ያመለክታሉ። ከወደቁ ሁሉም ነገር ከፎርሙ ጀምሮ እንደ አዲስ ነው።

"እሱም እኔም ልጆች አይደለንም" ይሉኛል እጅጌ እየተኮሱ።

የመጀመሪያ ቀን ሥልጣን በአንድ እጅ እንዳይከማች ሕገ መንግሥቱ ምን እንዳደረገ ላስረዳቸው ከጥንት ግሪክ ጀመርኩ። ሮም ስደርስ ሦስት ደንበኛ አስተናግደው ተመለሱ።

"ጨረስክ?"

"ኧረ ገና ነኝ! ፈላስፎቹ ጋ አልደረስኩም።"

"ልጄ፣ ሰውዬው ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?"

"ሦስቱ የመንግሥት አካላት እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ ይበሉት።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ታዲያ ግሪክ ምን ልንሠራ ሄድን?"

መልሱን በደንበኛ ቲኬት ጀርባ ላይ ጽፈው ተንጠልጣዩ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰኩት። በሳምንቱ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከሰው ሱፍ ጋር ልብስ አንጠልጥሎ በሚያዞረው ማሽን ላይ ሲዞር ይውል ጀመር። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷ ላይ የሃይማኖት ነጻነት እንደተሰካ ቤቷ ገብታለች። ቅሬታ አላቀረበችም።

ኢኮኖሚው ላይ ስንደርስ ደግሞ ስለ ወለድና ስለ ቤት ኪራይ ዝምድና ሰፋ ያለ ትንታኔ አዘጋጅቼ ነበር።

"ሲስተሙ ምን ይባላል?" አሉኝ እስክሪብቶ ይዘው።

"ማርኬት ኢኮኖሚ። ግን..."

"'ግን'ን አልጽፍም።"

እንዳጋጣሚ ቀጠሯችን አንድ ቀን ዋለ። በእኔ መኪና ሄድን። መንገዱን ሙሉ እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ አጽናናቸዋለሁ። መጀመሪያ የተጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሸሚዝ ለመቀበል በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ወጡ። አጠገቤ ተቀምጠው የአንገታቸውን ቁልፍ ለመፍታት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ፈታሁላቸው።

"አለፍኩ" አሉኝ በቀስታ። "ወንድሜ ጋ ልደውል።"

ስሜ ተጠራ።

ፈታኟ ጨዋ ሴት ናት፤ ጥፋቱን በእሷ አላላክክም።

"አስፈጻሚውን አካል የሚመራው ማነው?"

"በወረቀት ላይ ነው ወይስ በተግባር?"

"አንድ መልስ ብቻ፣ እባክህ።"

"እንግዲህ አንዳንድ ምሁራን..."

ወደሚቀጥለው አለፈች። "የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ስንት ናቸው?"

"ቁጥሩን የሚወስነው ምክር ቤቱ ስለሆነ የዛሬውን ብነግርሽ ነገ..."

"የአገሪቱ የኢኮኖሚ ሥርዓትስ?"

"ቅይጥ!" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ወረቀቷን አየች። "እዚህ የለም።"

"ወረቀቱ ተሳስቷል።"

ወገኖቼ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሯት። በየትኛውም አገር! የቀሩትን ጥያቄዎችም በዚሁ መንፈስ አብራራሁላት። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "ብዙ ታውቃለህ" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። "ግን አላለፍክም።" ለድጋሚ ፈተና የምቀርብበትን ወረቀት ሰጠችኝ።

ጋሽ ሀብቴ ስወጣ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ። "እንኳን ደስ ያለህ!"

"ጋሽ ሀብቴ... ወድቄያለሁ።"

አልሳቁም። ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ የሆነውን ሁሉ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ሰሙኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። የመኪናው በር ከተዘጋ በኋላ ግን፣ "ወረቀቱን ተሳስተሃል አልከው?" ብለው ሃይዌይ እስክንገባ እንባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ነበር። ቤት ስገባ ሚስቴ፣ "ዓሣ ዋና ያጠናል?" አለችኝ።

አሁን ከሥራ ስወጣ ላውንደሪው ውስጥ ተማሪ ነኝ። የወንድማቸው ማመልከቻ ገብቷል፤ ደረሰኙን ካውንተራቸው ላይ በፕላስቲክ ለብጠው ለጥፈውታል። አስተማሪነታቸው ግን ጨካኝ ነው፤ ከአንድ ትንፋሽ በላይ የሆነ መልስ አይቀበሉም።

ትናንት፣ "ሕገ መንግሥቱ ከሚሰጥህ መብቶች አንዱን ጥቀስ" አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ጋሽ ሀብቴ፣ መብት የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ሲታይ..."

ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሱ።

"ዝም የማለት መብት አለህ" አሉኝ።

መልሱ ትክክል ነው። የሕገ መንግሥቱ ወረቀትም ላይ አለ።