ቅቤ ያልነካው ራስ

ሰፈር ሰፈር የሚባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዝና አንድ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ሲኖረው ነው። ይህ ሰው ሌላው ሰምቶ የሚያልፈውን ነገር በእጁ ካልነካ፣ ሲብስም በምላሱ ካልቀመሰ እንቅልፍ አይወስደውም። በጣሊያን ጊዜ፣ ጎንደር ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ይህን ወንበር የያዙት ሊቀ ሞካርያን አያ ቢያዝን ነበሩ። ማዕረጉን ያወጣችላቸው ሚስታቸው ስንዱ ናት።

ስንዱ ማዕረግ ብታወጣ አይፈረድባትም። ባሏ ጣሊያኖች ለሚያሠሩት ሕንፃ ኖራ ሲያቦካ ይውላል። «ኖራ ምላስ ይልጣል» ቢሉት «እስቲ ልየው» ብሎ ላሰና ሦስት ቀን እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ አጥሚት ያጠጣችው እሷ ናት። ዶሮ እንቅብ ቢደፉባት የመሸ መስሏት ትተኛለች ሲባል ሰምቶ ትልቁን እንቅብ ራሱ ላይ ደፍቶ በተቀመጠ ዕለትም፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የለም» ስትል የዋለችው እሷ ናት። ከመንገድ የቆመ ማኪና ሆዱ ይሞቅ እንደሆነ ሊያይ መዳፉን የተጠበሰ ጊዜማ ቁስሉን እያጠበች ጠየቀችው፦

«እግዜር ጆሮ የሰጠህ ለምን ይመስልሃል?»

«ምነው?»

«አትሰማበትማ።»

አንድ ነገርን ብቻ አያ ቢያዝን «እስቲ ልየው» ብሎ አያውቅም። የስንዱን ራስ።

ወንድሟ ፈጠነ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ወድቋል። ለአርበኛ ያለቀሰ ቤቱ ይበረበራል፤ ስለዚህ ስንዱ ድምጿን ዋጠች፣ ጥቁርም አልለበሰች። ሐዘኗን የያዘችው በራሷ ብቻ ነው፦ ቅቤ ከለከለችው። ጥምቀት ሲደርስ የሰፈሩ ወንድና ሴት አናቱን ቅቤ ሲያጠጣ እሷ ግንባሯን ብቻ አስነክታ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ሁሉን የሚነካካው ባሏ ያን ሻሽ አንድ ቀን አልነካውም፤ እሷም አያውቅም ብላ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጥሩ የምትባል የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ድስቶቿን ይዛ ጎረቤታቸው ሸዋአየሁ ግቢ ገባች። የድስቱ ዋጋ ገብስ እስኪሰፈርላት ከጥላው አረፍ ብላ፣ አንዲት የጣሊያን ሚስት በድስት የለወጠቻትን ጥቁር ሚዶ አውጥታ ፀጉሯን አበጠረች። ሚዶውን ሸዋአየሁ ከነደፈችው ጥጥ አጠገብ ስታኖረው ጥጡ ብድግ ብሎ ሄዶ ተለጠፈበት። ሸዋአየሁ አየች። ማታውን ሕፃን ልጇን ትኩሳት ያዘው። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

ጥሩ በሁለተኛው ቀን እንስራ ይዛ ስትመለስ የሸዋአየሁ ባል በላቸው ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ጠበቃት። በላቸው የጣሊያን መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ሰፈሩ እሱ ባለበት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ጥጡን እንደጠራሽው ልጄንም ጠርተሽዋል። እንትፍ በይበትና ልቀቂው።»

እንትፍ ካለች ቡዳነቷን አመነች ማለት ነው። ሸክላዋን የሚገዛት አይኖርም፤ ከዚያ ግቢ በደህና መውጣቷም ያጠራጥራል።

«ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም» አለች ጥሩ።

ይሄኔ አያ ቢያዝን እስከ ክርኑ ኖራ እንደለበሰ ደረሰ። ነገሩን ሰማና እጁን ታጠበ። «ጥጥ ዘለለ? እስቲ ልየው።»

ጥሩ በሕጓ ከክርስቲያን እጅ ለእጅ አትነካካም፤ ሚዶውን መሬት አኖረችለት። አንስቶ ራሱን አበጠረና ጥጡ ላይ ያዘው። ጥጡ ንቅንቅ አላለም።

«አየህ አያ ቢያዝን?» አለ በላቸው። «ለሷ ብቻ ነው የሚታዘዝ።» ዱላውን አነሳ። ሰዉም ጠጋ ጠጋ አለ።

ስንዱ ባሏ ሲፈራ ያየችው ያን ቀን ነው። ሙከራው ሴትዮዋን ይባስ አሰመጣት። ሚዶውን አሸተተ።

«ቅቤ» አለ ቀስ ብሎ። «ራሴ ቅቤ ነው። የሁላችንም ራስ የጥምቀት ቅቤ ነው። እሷ ጥምቀትን አታከብርም፣ ራሷ ደረቅ ነው። አንድ ደረቅ ራስ አምጡልኝና ካልዘለለ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

ሚዶውን በአመድ አሽቶ፣ አጥቦ፣ በፀሐይ አደረቀው። ሰው ሁሉ አናቱን ዳሰሰ፤ የሁሉም መዳፍ በቅቤ ራሰ። አያ ቢያዝን ግን ወደ ሚስቱ ዞር አላለም። መሬት መሬቱን ያያል። ስንዱ ያኔ ገባት፦ ያውቃል። ከመጀመሪያው ያውቃል። በበላቸው ፊት አፉን ከሚከፍት መሸነፉን መርጧል።

ሻሿን ፈታች።

ሚዶው በደረቁ ፀጉሯ ሲያልፍ ተንጣጣ። ፀጉሯ ተነሳ፤ እያንዳንዱ ዘለላ ከጎኑ ካለው እየሸሸ ቆመ። ሚዶውን ስታስጠጋው ጥጡ ዘሎ ተለጠፈ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ብናኝ ተፈናጥራ ወጣች፤ ስንዱ በሚዶው ብትከተላት አየር ላይ እየሸሸች አስቸገረቻት።

«አያችሁ፣» አለ አያ ቢያዝን፣ የሚያየው ነገር ዱላውን አስረስቶት፣ «ሳይነካው ይመጣል፣ ነክቶት ከጠገበ ይሸሸዋል። ፀጉሯም ያው ነው። እንግዲህ ስንዱንም ቡዳ በሏት።»

ማንም አላላትም። በላቸው ጥጡን ትቶ ያን ቅቤ ያልነካው ፀጉር አየ። ፈጠነ የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃል። ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ሻሽሽን እሰሪ እቴ፣ ብርድ ነው» አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ጥሩ ገብሷን ይዛ በደህና ሄደች። የሸዋአየሁ ልጅም በሳምንቱ ጥርስ አወጣ።

በሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ጣሊያን ጎንደርን ለቀቀ። ስንዱ ደረቷን እየመታች፣ የወንድሟን ስም እየጠራች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ አለቀሰች። ለጥምቀት ራሷን ልትቀባት የመጣችው ሸዋአየሁ ናት። ቅቤው ከጆሮዋ ኋላ ሲደርስ ስንዱ እጇን ያዘቻት።

«እዚህ ጋ መዳፍ የምታህል ተዪልኝ።»

«ምነው? ሸጋ አይሆንማ።»

«ተዪው» አለች ስንዱ። «ሊቀ ሞካርያን አንድ ቀን ልየው ሊሉ ይችላሉ።»