ቁልቁለት ፍለጋ

ደብረ ታቦር ላይ ሜዳ ብርቅ ነው። ይህን የሚያማርረው እግረኛ ብቻ ነው፤ ሾፌር ግን ቁልቁለትን እንደ ዘመድ ያያታል። አልነሣ ያለ መኪና ቁልቁል ለቀው ማርሽ ሲያስገቡለት ይነሣላ። እናንተ ሜዳ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ መኪናችሁ እምቢ ሲል የሚገፋ ሰው ትለምናላችሁ። ለእኛ ተራራው ይገፋልናል።

በደርግ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ስመደብ ሾፌራችን ጋሽ አያሌው ነበሩ። ከማላውቀው ሰው ጋር መነጋገር ለእኔ ዳገት ነው። መስክ በወጣን ቁጥር እሳቸው ገበሬዎቹን ሰላም ብለው፣ ስሜንና የመጣሁበትን ጉዳይ ተናግረው፣ መቀመጫ አስቀርበውልኝ ሲያበቁ ነው ዞር የሚሉልኝ። ለእኔ የሚቀረኝ መጻፍ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል?

መኪናዋን ግን የሚያሳድሯት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሳይሆን ኮረብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ይፋግ ገበያ ላይ፣ ያ ሁሉ ሜዳ መሃል ቆመን ስንቀር ነው። ቁልፉን ሲያዞሩት አንድ ጊዜ "ቀጭ" አለ፤ ከዚያ ዝም። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከታመመ ሰንብቷል። ገበያተኛው ገፍቶ አስነሣልን።

"ለማንም እንዳትነግሪ ልጄ፤ የመንግሥት ንብረት አበላሸ ይሉኛል" አሉኝ።

እኔ ለማን ልነግር! ብቻ ከመቀመጫው ሥር የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ከነላስቲኩ፣ ማንም ሳይገልጠው። ሁለት ቀን አነበብኩት። ሐሙስ ዕለት ቁልፉ "ቀጭ" ሲል መብራቱን አየሁ፤ አልደበዘዘም፤ ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጋሽ አያሌው ከሥር ገብተው ሞተሪኖውን በመፍቻ መታ መታ ሲያደርጉት እኔ ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሣ። እንግዲያው ችግሩ ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ነው። ፈተን ስናየው እውነትም ሁለቱ ካርቦኖች አልቀው ጥፍር አክለዋል። መለዋወጫ የለም። የሬዲዮዬን የባትሪ ድንጋዮች ሰብረን መሃላቸው ያለውን ጥቁር ዘንግ አወጣን፤ እሳቸው በሞረድ ልክ አስይዘው ተኩት። ያለቁትን የእርሳስ መያዣዬ ውስጥ ከተትኳቸው። በእጄ የጠገንኩት የመጀመሪያ ነገር ነበራ።

ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። "ጓድ" የሚሉት ቃል አንቱታን ስለሚያስቀር፣ አዲሱ ወጣት ሊቀመንበር የአባቱን እኩያ፣ "ጓድ አያሌው፣ በመንግሥት መኪና በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለህ" አላቸው። እሳቸውም ሞተሪኖው ታሞ እንደነበር፣ ኮረብታው ላይ የሚያቆሙት ለቁልቁለቱ ሲሉ እንደሆነ፣ የተሠራውም ሐሙስ መሆኑን አስረዱ። ሊቀመንበሩ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

ጉዴን አያችሁ? የሰውዬውን ንጽሕና የሚመሰክረው ብልሽቱ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ጠገንኩት።

"አሁን ውሸትም ተጨመረበት" አለ ሊቀመንበሩ ተመልሶ። "ወደ ግንባር ስንቅ የሚያመላልሱት መኪኖች ሾፌር ይፈልጋሉ።"

ባለፈው ዓመት ወደዚያ የተላከው ሌላው ሾፌራችን አልተመለሰም። ጋሽ አያሌው ምስክር እንዳላቸው ያውቃሉ፤ ግን ወደ እኔ አልዞሩም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀሩ። ሰው መሃል መናገር ለእኔ ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ተነሣሁ። የእርሳስ መያዣዬን ከፍቼ ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የሞተሪኖው ካርቦን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አልቆ ነበር። ሐሙስ ዕለት በሬዲዮዬ የባትሪ ድንጋይ ተካነው። ይፈታና ይታይ።"

ሊቀመንበሩ አንዱን አንሥቶ ሲያገላብጥ ጣቱ ጠቆረ። ይኼኔ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከኋላ፣ "ደግሞስ መቼ ተሳልሞ ያውቃል? ከመኪናው ሳይወርድ ቁልቁል ይንደረደራል እያሉ ቄሰ ገበዙ እኮ ተቀይመውታል" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩም ሳቁን ለመደበቅ ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ጋሽ አያሌው በማስጠንቀቂያ ታለፉ። እኔ ግን አልታለፍኩም፤ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ የተሽከርካሪ ጥገና ተጠሪ አድርጎ መረጠኝ። የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ማን ጠየቀኝ! ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ቆሜ ስለ ዘይትና ስለ ጎማ ሪፖርት አቀርብ ጀመር፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን በደስታ፤ ጋሽ አያሌው እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና። አንድ ቅዳሜ ከሪፖርቴ ስለ ፍሬኑ ያለውን ዘልዬ ልቀመጥ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተመልሼ ቆምኩና ፍሬኑንም ተናገርኩ።