የማማው አራሚ

በዓለም ላይ ያለ የጉብኝት ቦታ ሁሉ አንድ አራሚ አለው። ቤተ መንግሥት ሂዱ፣ ሙዚየም ሂዱ፣ የፈረሰ ምሽግ ሂዱ፤ አስጎብኚው ገና አፉን ሲከፍት ከኋላ ጣቱን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ሊጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ሊያርም ነው። ይህ ሰው የሚመጣው ለማየት ሳይሆን የተሳሳተ ነገር ሲነገር ለመስማት ነው፤ ካልሰማም ቅር ብሎት ይመለሳል።

ለእኔ የደረሰኝ አራሚ ክቡር ማንግ ኤፒፋኒዮ ይባላሉ። «ማንግ» የምላቸው ዕድሜያቸውን አክብሬ ነው፤ «ክቡር» ያልኩት ግን ተናድጄ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በስኳር ፋብሪካው በር ላይ ሸንኮራ ሲመዝኑና ከገበሬ ጋር በኪሎ ሲጨቃጨቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጭቅጭቁ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ወደ እኔ መጣ።

እኔ ሉዝቪ የፑንታ ማሊናው የባሕር መብራት ማማ አስጎብኚ ነኝ፤ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ክቡርነታቸው ተጣጣፊ ወንበራቸውን በብብታቸው፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጣፋጭ ሩዝ በፌስታል ይዘው ከጎብኚዎቹ ቀድመው ይደርሳሉ። እንደ ወጋችን እጃቸውን ተቀብዬ ግንባሬን አስነካለሁ። ሊያዋርዱኝ የመጡትን ሰው ምርቃት ተቀብዬ ነው እንግዲህ ሥራ የምጀምረው።

«ሰባ ስድስት ደረጃ አለው» እላለሁ።

«ይቅርታ፣ ላቋርጥሽና ልጄ» ይላሉ፣ «ሰባ ሰባት ነው።»

የበሩን ደፍ ቆጥረው ነው። ደፍን ደረጃ ብሎ የሚቆጥር ሰው በየት አገር ታይቷል? አንድ ጊዜ ከማኒላ የመጡ አዲስ ሙሽሮች እያለከለኩ ጫፍ ደርሰው፣ ባሕሩን እያዩ ሊሳሳሙ ሲሉ፣ ክቡርነታቸው ከታች ሆነው ደፉን ቆጥራችኋል ወይ ብለው ጮኹባቸው። ጉልበታቸው ስለማይችል እሳቸው አይወጡም፤ ድምፃቸው ግን ይወጣል። ሙሽሮቹ ወርደው እንደ አዲስ ቆጠሩ። እሷ ሰባ ስድስት፣ እሱ ሰባ ሰባት አሉ፤ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አይነጋገሩም ነበር።

ግንቡ የቆመበት ኖራ በእንቁላል ነጭ የተቦካ ነው፤ በአስኳሉ የመንደሩ ሴቶች ጣፋጭ ሠሩበት። ይህን ስናገር ጎብኚው ሁሉ አፉን ይከፍታል፤ ግድግዳውን የሚዳስስም አለ። ታሪኬ የሚያምርበት ቦታ እዚህ ነው፤ እሳቸውም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። የዶሮ ሳይሆን የዳክዬ እንቁላል ነው ይላሉ። ማን ስለ ዶሮ አወራ? እኔ እንቁላል ነው ያልኩት። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ስለ ዳክዬ እንሰማለን፤ ማማው ቆሞ ይጠብቀናል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጎሹ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ጎሽ እንደ በሬ ይጠመዳል። በስፔኖች ዘመን ከፓሪስ በመርከብ የመጣው የመብራቱ ትልቅ መስታወት በጎሽ ጋሪ ተጎትቶ ዳገቱን ወጣ ብዬ እናገር ነበር። እሳቸው ደግሞ በዚያ ዓመት ጎሹን ሁሉ በሽታ ጨርሶታል፣ መስታወቱ የወጣው በሰው ትከሻ ነው አሉ። ላሳፍራቸው ቆርጬ ተነሳሁና የደብሩን አሮጌ መዝገብ አገላበጥኩ። ልክ ነበሩ። ይህ ደግሞ ይባስ አበገነኝ፤ የተሳሳተ ሰው ላይ መናደድ ቀላል ነው፣ ልክ የሆነ ሰው ላይ ግን በምን አፍ ትናደዳለህ? ከዚያ ወዲህ በሰው ትከሻ እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» አላሉኝም።

ባለፈው መጋቢት የመንደራችን አስተዳዳሪ ካፒታና ዴልፊና አስጠራችኝ። ከከተማ የሚናገር ሳጥን መጥቷል አለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ታሪኩን በሦስት ቋንቋ ይተርካል፣ አይታመምም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ ወር ይሞከርና ከተወደደ እኔ እሰናበታለሁ። ሁለት ልጆች የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው። በመንደራችን ሌላው እንጀራ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ እኔ ደግሞ ጀልባ ላይ ገና ስወጣ ያስመልሰኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥጌን ይዤ አየሁ። ሳጥኑ በሚያምር ድምፅ «ሰባ ስድስት ደረጃ አለው» አለ። ማንግ ኤፒፋኒዮ ጣታቸውን አነሱ።

«ይቅርታ፣ ላቋርጥህና።»

ሳጥኑ ቀጠለ።

«ላቋርጥህ እያልኩህ እኮ ነው።»

ሳጥኑ ስለ ጎሾቹ መተረክ ጀመረ። ክቡርነታቸው ወንበራቸውን አጥፈው፣ ሩዙን እንኳ ለሰው ሳያድሉ ሄዱ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በወሩ መጨረሻ ውሳኔ ሊሰጥ መንደሩ ተሰበሰበ። ማንግ ኤፒፋኒዮ ወረቀት ይዘው ሲነሱ ያቺን ቀሪ ተስፋዬን ሊቀብሩ መሰለኝ። እውነትም የእኔን ስህተቶች ያነቡ ጀመር። ከዳክዬው ተነስተው፣ በደፉ አልፈው፣ መብራቱ በኤሌክትሪክ መሥራት እስከጀመረበት ዓመት አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ሰዉ ይስቃል፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመኛለሁ። ቀጥለው የሳጥኑን አነበቡ፤ ሁለት ብቻ።

«እንግዲህ ማንግ፣ እርስዎው ፈረዱ» አለች ካፒታና ዴልፊና። «ሉዝቪ አሥራ አንድ፣ ሳጥኑ ሁለት። ሳጥኑ ይሻለናል ማለት ነው።»

«ይቅርታ፣ ላቋርጥሽና ካፒታና» አሉ። «ልጅቷ ስትጀምር አርባ ስድስት ነበረባት። ሳጥኑ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ሁለት ነው።»

አርባ ስድስቱን ለስድስት ዓመት አንድ በአንድ ይዘውልኝ ኖረዋል። ሳጥኑ በሳምንቱ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሰው ጥብቅና ሲቆም እንዲህ ነው? ሥራዬ የተረፈው ነውሬ በአደባባይ ተቆጥሮ ነው። ገበያ ስወርድ ዓሣ ሻጯ «አሥራ አንድ መጣች» ትለኛለች። እልህ ይዞኝ ወረቀቱን ከማንግ ኤፒፋኒዮ ተቀበልኩና ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ላርም ተነሳሁ፤ ከዳክዬ ጀመርኩ። «የዳክዬ እንቁላል» ስል ክቡርነታቸው በግማሽ ያነሱትን ጣት ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ወንበራቸው ላይ እንዲያው አነስ ብለው ታዩኝ፤ ጉብኝቱ እስኪያልቅም ትንፍሽ አላሉ። የቀረውን ማረም አቃተኝ።

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ከእንግዲህ በዓመት አንድ ስህተት ብቻ ነው የማርመው። አሥር ቀርተውኛል፤ እስከ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ያደርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ መሳሳት አያቅተኝም።