የጋሽ ታምራት የነሐስ ጅብ

ሰው ኑሮ ትንሽ ሲደላው በሩ ላይ አውሬ ማቆም ያምረዋል። ሀብታም ሆኖ የፍየል ሐውልት ያሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወተቱንም ሥጋውንም ከፍየል አግኝቶ ክብሩን ለአንበሳ ይሰጣል።

ጋሽ ታምራትም የፈለጉት አንበሳ ነበር። በስደት መጥተው ኬንያዋ ሞያሌ ላይ የቀሩ፣ ከሚስታቸው ከጉሜ ጋር ሆቴል የከፈቱ ሰው ናቸው። ሆቴል ስንል ምግብና ሻይ ነው፤ አልጋ አትጠይቁ። ሞባይል ገና ከተማችን በገባበት ሰሞን ናይሮቢ ወርደው የነሐስ አንበሳ ሊያሠሩ ሄዱ፤ በጭነት መኪና የመጣው ግን ጅብ ሆነ። ለካ ቀራፂው ዘንድ ያዘዘው ሰው ትቶት የሄደ ጅብ ነበር፤ በርካሽ ሰጣቸው። ጅብም ቢሆን የአፍሪካ እንስሳ ነው አሉኝ። በዚህ ማን ይከራከራል?

ልብስ መሸጫዬ ከሆቴሉ ጎን ስለሆነ ሲያወርዱት ወገቤ እስኪቆረጥ አገዝኩ። ቀራፂው እጁ ይባረክ! ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ፣ የአንገቱ ፀጉር የቆመ፣ አፉ ገርበብ ያለ። እንግዳ ሊቀበል ሳይሆን እንግዳ ሊመርጥ የቆመ ነው የሚመስለው። ጉሜ አንዴ አየችውና፣ "ይሄ የሚበላው ከድስቴ ነው ወይስ ከደንበኞቼ?" ብላ ወደ ማድቤቷ ተመለሰች።

ደንበኞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ከኡራን መንደር የሚመጡ ከብት ነጋዴዎች ጅብ ለማየት ሆቴል አይገቡም። ያዩት አህዮቹ ናቸው። ለሆቴሉ ውሃ የሚያመላልሰው ጉዮ በማግስቱ ጠዋት እየነዳቸው ሲመጣ፣ የፊተኛዋ ቆመች፤ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ከዚያ ሁሉም በመጡበት ነጎዱ። ጀሪካኑ ተዘርግፎ ውሃው ሱቄ ገባ። ሸሚዞቼ ሳይሸጡ ታጠቡ።

ጋሽ ታምራት ነሐስ መሆኑን ለአህዮቹ እንዲያስረዳቸው ጉዮን ለመኑት። ጉዮ በእርጋታ፣ ሽማግሌ በሚከበርበት የስዋሂሊ አጠራር፣ "ሙዜ፣ እርስዎ አማርኛም ስዋሂሊም ይችላሉ፤ እርስዎ ይንገሯቸው" አላቸው።

ጉዮ በዚያ መንገድ መምጣቱን ተወ። ውሃ ከሌለ ሻይ የለም፤ ሞያሌ ውስጥ ሻይ የሌለው ሆቴል ደግሞ ወንበር ያለው ባዶ ቤት ነው። ጉሜ ልብሷን ሸክፋ "ወይ ጅቡ ወይ እኔ" አለች። ሰውየው መልስ ለመስጠት ጥቂት ማሰባቸውን እስከ ዛሬ አልረሳችላቸውም። በመጨረሻ የጭነት መኪና ሸራ አመጡና፣ አስከሬን እንደሚገንዝ ሰው ፊታቸውን አጥቁረው ጅቡን ከራስ እስከ እግሩ ሸፍነው በገመድ አሰሩት።

አህዮቹ በሰላም ማለፍ ጀመሩ። አሁን የሚቆሙት ሰዎቹ ሆኑ። ጅቡ አፍጥጦባቸው ሳለ ያላዩት ሁሉ ከሸራው ሥር ያለውን ካላወቅን አሉ። አንዱ ከሶሎሎ ከተማ የመጣ ሾፌር ጄኔሬተር ነው ብሎ ማለ፤ ጓደኛው መቃብር ነው ብሎ ተከራከረው፤ ክርክሩ ሁለት ሳህን ሥጋ ፈጀ። ጋሽ ታምራት ለጠየቀ ሁሉ "ግባና ሻይ ጠጣ፣ እነግርሃለሁ" ይላሉ። አይናገሩም። ወንበር ጠፋ፤ ጉሜ ልብሷን ከሻንጣ አወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሱቄ ብቅ ብለው በጓሮ በር በኩልም ሌላ ሊያቆሙ እንዳሰቡ አማከሩኝ። እየፈራሁ፣ "የምን አውሬ ነው ደግሞ?" አልኳቸው።

"አውሬ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። "ሸራ ብቻ ነው።"