የዶኛ ኔሊዳ ሐሙስ

በየትምህርት ቤቱ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ካልመለሰ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ አስተማሪ አይጠፋም። ለእኛ፣ በአርጀንቲና ለምንገኘው ለማላርጉዌ ከተማ ሰዎች፣ የደረሱን ክብርት ዶኛ ኔሊዳ ናቸው፤ የፊዚክስ መምህርት።

ሐምራዊ መብራት ከቦርሳቸው አይለይም። ቶኒክ የሚባለው መራራ ለስላሳ ጠርሙስ ላይ ሲያበሩት ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ይፈካል። "የማይታየውን ብርሃን ውጦ የሚታይ አድርጎ ይተፋዋል፤ ፍሎረሰንስ ማለት ይሄ ነው" ይላሉ። የእህቴ ልጅ ስታገባም "ቬሎው የአያቴ ነው" ብላ አስወርታ ነበር። እሳቸው አበሩበት፤ እንደ ቶኒኩ ቦግ አለ። "የድሮ ጨርቅ እንዲህ አይበራም፤ ይሄማ የዘንድሮ ነው" አሉ፣ አማቲቱ አጠገባቸው ቆማ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት ከተማሪዎቻቸው ጋር የኮስሚክ ጨረር ይቆጥራሉ። ከከተማችን ውጭ ሜዳ ላይ ሳይንቲስቶች የውሃ ገንዳ ደርድረው የሚጠብቁትን፣ እሳቸው ብርሃን እንዳይገባባት በጥቁር ላስቲክ በተጠቀለለች የፕላስቲክ ሰሌዳ ይጠብቁታል። ከሰማይ የወረደ ቅንጣት ሲያልፍባት ሰሌዳዋ ከውስጧ ብልጭ ትላለች፤ ቆጣሪው ጠቅ ይላል። ልጅ ሊከራከራቸው ሲነሳ መልሳቸው አንድ ነው፦ "አትንገረኝ፣ ቁጠር።"

እኔ የሙዚቃ አስተማሪ ነኝ። ክፍላቸውን ለመዘምራኔ ስጡኝ ብዬ ያመለከትኩትም እኔው ነኝ። ባለፈው ሐሙስ የትምህርት ቢሮው ክቡር ተቆጣጣሪ ክፍሉ ለማን እንደሚሆን ሊወስኑ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከሜንዶሳ መጡ፤ እኔም ክፍሉ ውስጥ አብሬ ተቀመጥኩ።

ኢቫና የምትባል ተማሪ የሰሌዳዋን ውስጥ ላሳያቸው ብላ የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ቆጣሪው አበደ። ተቆጣጣሪው የማቴ ሻይ ኩባያቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

"ይሄ ሁሉ ከሰማይ? ክፍሉማ የእናንተ ነው።"

ዝም ቢሉ ምን ነበረበት!

"ከመስኮቱ ነው" አሉ ዶኛ ኔሊዳ። "ብርሃን ገብቶበት ነው። ኢቫናዬ፣ ሸፍኚውና እንደገና እንቁጠር።"

"ፕሮፌ፣ ሰጥተውን ነበር እኮ" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

"አትንገሪኝ፣ ቁጠሪ።"

ቆጣሪው ረጋ። ጠቅ። ቆይቶ፣ ጠቅ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶ አወጡ። "እንግዲህ ይህቺው ብቻ ከሆነች፣ ክፍሉ ለመዘምራኑ…"

እኔ ለካ ሳይታወቀኝ ጠቅታውን እየቆጠርኩ ኖሯል፤ ሠላሳ አራት ደርሻለሁ። ሴትዮዋ ክፍላቸውን በገዛ አፋቸው ሲያጡ ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝ።

"ይቅርታ፣ ክቡር ተቆጣጣሪ" አልኩ። "ማመልከቻዬን ትቻለሁ። የእኔ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ይሻላቸዋል፤ ድምፃቸው ያምራል።"

ኮሪደሩ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ራሳችንንም አንሰማም።

ተቆጣጣሪው ክፍሉን ለፊዚክሱ ፈርመው ወጡ። ዶኛ ኔሊዳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ።

"ኮሪደሩ ላይ ድምፅ ያምራል?" አሉ። "ለክተኸዋል?"